የተውከው ያኖርሃል

ልጄ፣ ትምህርትህን ጨርሰህ "ወደ አባቴ መሬት ልመለስ ወይስ እዚሁ ከተማ ልክረም?" እያልክ የምታወጣ የምታወርድ ከሆነ፣ ይህን የምጽፈው ላንተ ነው። ያደግሁት መንዝ፣ ጌራ ምድር ነው፤ ቤት በድንጋይ በሚካብበት፣ ጣራው በጓሳ ሣር በሚከደንበት፣ ሰው በገብስና በበግ በሚኖርበት ደጋ። በልጅነቴ በግ ጠብቄአለሁ፤ ጎልምሼ አርሻለሁ፤ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜም የጎረቤቶቼን ሙግት በመዝገብ አስፍሬአለሁ።

በዚህ ሁሉ ያየሁትን ባጭሩ ልንገርህ። ያገሬን ሰው ከክፉ ቀን ያሻገረው እጁ እየደረሰ ሳይነካ የተወው ነገር ነው። ለዘር የተለየ ገብስ፣ ሳይታጨድ የቆየ ሣር፣ ጦሙን ያደረ ማሳ፣ ያልተሸጠች እናት በግ፣ በሽማግሌ ፊት የተተወ ቂም። ማረስና ማጨድ ማንም ያስተምርሃል። መተውን ግን ከኖረበት ሰው ካልሰማኸው አታገኘውምና አድምጠኝ።

1. ከማረስህ በፊት ውርጩን እወቀው

የእኛ አገር ገበሬ ሁለት ዝናብ ይጠብቃል፤ አንዱ ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለው የበልግ ዝናብ፣ ሌላው የክረምቱ ነው። ወደ ላይኛው ደጋ በወጣህ ቁጥር ሰው ይበልጥ የሚተማመነው በበልግ ገብስ ነው። ክረምት ላይ መሬቱ ውኃ ይቋጥራል፤ ዘግይቶ የተዘራውን ደግሞ ሳይደርስ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ያገኘዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ዝም ባለ ሌሊት ማግስት፣ ትናንት አረንጓዴ የነበረው ማሳ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል።

አባቴ አዲስ መሬት ከማረሱ በፊት በኅዳር ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ እየዞረ ያየው ነበር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ውርጩም መጀመሪያ የሚተኛው እዚያ ነው፤ ተዳፋቱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ረባዳው አፈሩ ወፍራምና ጥቁር ስለሆነ አላዋቂን ያጓጓል። አባቴ ያንን ለሣር ትቶ ገብሱን ከፍ ብሎ ይዘራ ነበር። አንተም መሬቱን ስትረከብ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ለመለወጥ አትቸኩል። ውርጭ የወደቀበትን ቀንና ቦታ፣ ዝናብ የጀመረበትንና ያቋረጠበትን በደብተር ጻፍ። ሽማግሌዎች በቃላቸው የያዙትን አንተ በጽሑፍ ብትይዘው ለልጅህ ይተርፋል።

2. ለዘር የተባለውን እህል አትንካ

ገብሱ ከመታጨዱ በፊት አባቴና እናቴ ማሳው ውስጥ ገብተው ፍሬው የሞላውን፣ አገዳው የጠነከረውን፣ በሽታ ያልነካውን ዛላ ይለዩ ነበር። እሱ ለብቻው ተወቅቶ ለብቻው በጎታ ይቀመጣል። የዘር ጊዜ ሳይደርስ ያንን ጎታ መክፈት በቤታችን ነውር ነበር፤ እንግዳ ቢመጣ፣ ሠርግ ቢደገስ እንኳ አይነካም።

በ1977 ድርቁ ሰሜን ሸዋንም ሲመታ ይህ ልማድ ምን እንደሚያህል አየሁ። ዘሩን ያቆየ ቤት ዝናቡ ሲመለስ ወጥቶ ዘራ፤ የበላው ከዘመድ ተበደረ ወይም የእርዳታ ዘር ጠበቀ፤ እስኪደርሰው ድረስ የዘሩ ወቅት ያለፈበትም ነበር። በበላው ሰው አልፈርድም፤ ልጁ ሲራብ ያየ አባት አይፈረድበትም። ከዚያ የተማርኩት ግን ዘር በአንድ ቤት ብቻ እንዳይቀመጥ ነው። ከዘርህ ጥቂቱን ቆላ ወይም ወይና ደጋ ያለ ዘመድህ ዘንድ አኑር፤ የእሱንም አንተ ዘንድ አስቀምጥለት። ችግር ሁሉን አገር እኩል የሚመታው አልፎ አልፎ ነው።

የግብርና ባለሙያ ምርጥ ዘር ቢያመጣልህ ተቀበልና ሞክረው፤ ግን ማሳህን በሙሉ በአንድ ዘር አትሸፍን። ቶሎ የሚደርሰውን፣ ለጠላ የሚሆነውን፣ ለበሶና ለቆሎ የሚጣፍጠውን የአባቶችህን ገብስ ከየዓይነቱ አቆይ። ያገራችን ገብስ በዓይነቱ ብዛት በዓለም የታወቀ ነው። ሰብሉን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ የካሊፎርኒያን ገብስ ባስቸገረ ጊዜ መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ዘር ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳያመሰግነው ያቆየው በየጎታው የለየው ገበሬ ነው። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክም ዘሮቹን የሰበሰበው እንደ እናትህና እንደ አባትህ ካሉ ሰዎች እጅ ነው።

3. መሬቱን አሳርፈው

በደጋችን ሣር የበላውን መሬት እናርስና አፈሩን ከነሣሩ ሥር እየከመርን፣ ከሥሩ እበት አድርገን እናቃጥለው ነበር። ቁልሉ ለቀናት ሲጨስ ይከርማል። የተቃጠለውን አፈር በትነን ገብስ ስንዘራ የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ልብ ያስደስታል፤ በሁለተኛው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ያ ማሳ ከ10 ዓመት በላይ ጦሙን እንዲያድር ይተዋል፤ እሳቱ የአፈሩን ብስባሽ ስለበላው መልሶ እስኪያገግም ጊዜ ይፈልጋል። አባቶቻችን ይህን የማድረግ መብት የነበራቸው የሚያሳርፉት መሬት ስለነበራቸው ነው። ሰው ሲበዛ እረፍቱ አጠረ፤ እሳቱ ግን አልቀረም። የብዙ ተዳፋት ድንጋይ የወጣው እንዲህ ነው።

አንተ ዛሬ መሬትህን ለዓመታት ማሳረፍ ላትችል ትችላለህ፤ ድርሻህ ጠባብ ነው። እሳቱን ግን መተው ትችላለህ። ገብስ በገብስ ላይ አትዝራ፤ በመካከል ባቄላ አስገባ። የባቄላን ሥር ነቅለህ ብታየው ትናንሽ እባጮች ታገኛለህ፤ ከአየር ናይትሮጅን እየሳበ ለአፈር የሚያቆየው በእነሱ ነው። ኩበቱን ሁሉ ምድጃ ውስጥ አትጨርሰው፤ ከፊሉ ወደ ማሳ ይመለስ። እንጨት በሌለበት ደጋ ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጓሮህ ላይ የማገዶ ዛፍ ከሁሉ አስቀድመህ ትከል የምልህ፤ ለማገዶ ያሰብክ ቀን ለአፈርህም አሰብክ ማለት ነው።

4. የጋራ የሆነውን እንደ ግልህ ጠብቅ

ከመሃል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የጓሳ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ወንዞች ይነሡበታል፤ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ቀበሮው የሚያድነው ይበልጡን አይጥ ነውና እረኞች እንዳያባርሩት አሳስባቸው። ለእኛ ግን ከሁሉ በፊት ሣሩ ነበር። ቤታችንን የምንከድነው፣ ገመድ የምንገምደው፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበትን ገሳ የምንሠራው በጓሳ ነው።

ይህ ሣር እንዲህ ሊቆይ የቻለው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም፤ ለዘመናት የሚጠብቀው ሥርዓት ስለነበረው ነው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። የአገሩ አቅኚዎች የነበሩት የአስቦና የጌራ ተወላጆች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ሜዳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋ ነበር። በዚያ ጊዜ ማጭድም ከብትም አይገባም። ሣሩ ሲደርስ በተነገረው ቀን ይከፈታል፤ መጀመሪያ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባል፤ ዝናቡ ሲመጣ እንደገና ይዘጋል። ክፉ ቀን ከመጣ ከቀኑ በፊት እንዲከፈት ይመከራል። ጠባቂዎቹ የሕዝቡ ጎልማሶች ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ጭሰኛ ከባለ ርስት ጫና ወጣ፤ ይህን በረከት ዝቅ አድርጌ አላየውም። የቄሮ ሥርዓት ግን ከርስቱ ጋር የተያያዘ ስለነበረ አብሮ ፈረሰ። የከለከለ ሲጠፋ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ወጣ፤ ከብቱም ገባ። ያን ጊዜ ብዙ ሽማግሌ ሜዳው በቃ ጠፋ ብሎ አለቀሰ። ሕዝቡ ግን ተወያይቶ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ጥበቃውን በገበሬ ማኅበራትና በኮሚቴ መልሶ አቆመው፤ ዛሬ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል። የድሮው ሥርዓት የተወላጁ ብቻ ነበር፤ ከዘሩ ያልሆነ ጎረቤት በሩቁ ያይ ነበር። አዲሱ ደንብ ያንን ጎረቤት አስገባ። እኔ ሁለቱንም ዘመን አይቻለሁና ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የጠበቀ ሁሉ ሊካፈል ይገባል።

አንተም በመንደርህ ምንጭ፣ የግጦሽ መሬት ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን ካለ አራት ነገር መኖሩን አረጋግጥ። ሁሉ የሚያውቀው ደንብ፣ የታወቀ ጠባቂ፣ የሚከፈትበት የታወቀ ቀን፣ ለዘመድም ለባዕድም እኩል የሆነ ቅጣት። ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የመጨረሻው ነው። የአለቃው ወንድም ልጅ ሣር አጭዶ ዝም የተባለ ቀን ደንቡ እዚያው ያበቃል።

5. ውኃህ የሚወርድበትን ሰው አስብ

ክረምት ላይ ማሳው ውኃ እንዳይቋጥር ገበሬ ዘሩን ከሸፈነ በኋላ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ማሳውን አግድም ዘንበል ብሎ መቁረጥ አለበት። ቁልቁል ከለቀቅኸው ውኃው ይፈጥናል፤ አፈርህን ጠርጎ ከታች ያለው ጎረቤትህ ማሳ ላይ ይጥለዋል፤ በጥቂት ክረምት ውስጥ ፈሰስህ ቦረቦር ይሆናል። በጸሐፊነቴ ዘመን ከድንበር ሙግት ቀጥሎ በብዛት የጻፍኩት ክስ ይህ ነበር። ከሳሽ ሁልጊዜ ከታች ያለው ነው፤ ተከሳሹም ሁልጊዜ "ውኃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድ" ይላል።

ከዘር በፊት ከላይና ከታች ካሉት ጎረቤቶችህ ጋር ማሳውን በእግራችሁ ዙሩ። የማን ፈሰስ በየት ወርዶ የትኛው ሣር ያለበት ቦይ ውስጥ እንደሚገባ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ። ቦዩ ያለፈበትን መሬት ሳታርሰው ተወው፤ ሣር ያብቅል። በበጋ ለእርከንና ለክትር ሥራ ስትጠራ ከላይኛው ጫፍ እንዲጀመር አጥብቀህ ተናገር፤ ከታች የተጀመረ ክትር በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ከሸጥከው ገንዘብ ይሰጥሃልና አልከለክልህም። ምንጭ አጠገብና ጎረቤት ማሳ ጠርዝ ላይ ግን አትትከል።

6. ወንፈልህን አትርሳ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገጥማል፤ ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእሱን ያርሳሉ። ወንፈል ደግሞ የጉልበት ብድር ነው፤ ለእኔ የዋለልኝ ሰው እኔም በተራዬ እውልለታለሁ። ደቦ ሲጠራ እንጀራና ጠላ ይሰናዳል፤ የመጣው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ዘፍኖ ያጭዳል። ለመበለቷ፣ ለታመመው፣ ወላጆቹ ለሞቱበት ልጅ የሚወጣ ደቦ ግን ምንም አይጠበቅበትም፤ ውኃ ካቀረቡ ይበቃል።

የዚህ ሁሉ ፈተና አንድ ቀን ነው። የራስህ ገብስ ደርሶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ እያለ የወንፈል ተራ የደረሰው ሰው ይጠራሃል። የዚያን ቀን የራስህን ትተህ ሂድ። ሄደህ ብትመለስ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀርተህ ገብስህን ብታስገባም እንዲሁ ያውቀዋል። በሬህ የሞተ ዕለት፣ ቤትህ የተቃጠለ ዕለት፣ ሬሳ የምታስነሣ ዕለት መልሱ ይመጣል። የቀን ሠራተኛ በገንዘብ ቀጥሬ አሠራለሁ ካልክ ትችላለህ፤ ገንዘብ ግን ሌሊት ተነሥቶ አልጋ ተሸክሞ ሕመምተኛህን ጤና ጣቢያ አያደርስልህም።

7. እናቲቱንና አውራውን በግ አትሽጥ

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ አጭር ሣር ይበቃዋል፤ ብርዱን በጠጉሩ፣ ድርቁን በላቱ ስብ ይችለዋል። ግብር የሚከፈለው፣ ደብተር የሚገዛው፣ ሐኪም ቤት የሚኬደው በእሱ ነው። ገንዘብ ስትፈልግ ሙክቱን፣ ያረጀችውን፣ የማትወልደውን ሽጥ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነጋዴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሣው ፈጥኖ ያደገውን፣ ደረተ ሰፊውን ጠቦት ነው። ያንን በየዓመቱ ሸጠህ ደካማውን ለዘር ካስቀረህ መንጋህ በዓይንህ ፊት ይቀጭጫል። ብቻህን አውራ ማቆየት ከከበደህ ከጎረቤቶችህ ጋር ተማከር። የደብረ ብርሃን የግብርና ተመራማሪዎች ከመንዝ ገበሬዎች ጋር የተመረጠ አውራ በጋራ የማቆየት ሥራ ሠርተዋል፤ ሂድና ጠይቅ።

ጠጉሩንም አትጣል። የጥቁሩ በግ ጠጉር በርኖስ ይወጣዋል፤ ባና የሚሠራውም ከበግ ጠጉር ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ይህን እጅ የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ነውና እነሱ ሳሉ ተማር፤ ወይም የሚማር ልጅ አምጣላቸው።

8. የሴቶችን ድካም ቁጠር

እናቴ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ወፍጮ ላይ ትጎነበስ ነበር፤ እኛ የምንነቃው በመጁ ድምፅ ነበር። ከዚያ እንስራዋን ይዛ ምንጭ ትወርዳለች፤ ጋጣ ጠርጋ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ ትጋግራለች፤ አረም ሲደርስ ከእኛ እኩል ማሳ ትውላለች፤ ማታ ጠጉር ትፈትላለች። ገበሬ ማን ነው ቢባል ግን የአባቴ ስም ነበር የሚጠራው። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ደስታውን በእናቴ ፊት ላይ አየሁት፤ በዘመኔ የገጠሩን ሴት ያን ያህል ያሳረፈ ሌላ ነገር አላየሁም።

ከ1995 ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ሰፈረ። ይህን የወረቀት ጉዳይ አድርገህ አትለፈው። ስሟ ያለበትን መሬት ሳታማክራት አታከራይ፣ ዘሩንም ሳታማክራት አትምረጥ። ጎታው ውስጥ ስንት ወር የሚያደርስ እህል እንዳለ ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። እህትህም ከወላጆችህ መሬት ድርሻዋን ስትጠይቅ "አግብታ ሄዳለች" ብለህ አትከራከራት።

9. ድንበር ላይ አንድ ስንዝር ተው

መዝገቤ ውስጥ ካሰፈርኳቸው ሙግቶች የሚበዙት ከአንድ ትልም ይጀምራሉ። አንዱ ሲያርስ ድንበሩን ትንሽ ይነካል፤ ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ይመልሳል፤ ከዚያ ድንጋዩ ይነቀላል፤ ከዚያ ዱላ ይመዘዛል፤ ከዚያ ደም አለ። የተጣሉበት መሬት አንድ እንቅብ ገብስ አያወጣም፤ ለዳኝነትና ለካሣ የሄደው ግን ስንት በግ ነው!

አንተ ስታርስ በሬዎችህን ከድንበሩ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ መልሳቸው። ጎረቤትህ ካለፈም ማሳ ላይ አትሟገት። በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ29 ለባለወልድ ሞፈር አይወጣም፤ ሰው ቅዳሴ ወጥቶ ከዛፉ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ቀን ነው። ሽማግሌ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" እንደሚባለው ነገሩን ከጥንቱ አስረድተህ ንገራቸው፤ የጎረቤትህንም ቃል ሳታቋርጥ ስማ። ሽማግሌዎቹ "ይህችን ለእኛ ተውልን" ካሉህ ተውላቸው። የተውከው አንድ ትልም ነው፤ ያተረፍከው ግን ልጆችህ ያለ ስጋት የሚያልፉበትን መንገድ ነው።

10. የተማርከውን ይዘህ ና፣ ያልተማርከውንም ጠይቅ

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጢማቸው የሸበተ አባቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ፊደል ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ደብዳቤያቸውን ሌላ ሰው እንዳያነብላቸው፣ የሚፈርሙትንም እንዲያውቁ ፈልገው ነው። እነዚያ ሰዎች ለመማር ካላፈሩ አንተም ከእነሱ ለመማር አትፈር። ስለ አፈር ምርመራ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ገበያ ዋጋ የምታውቀውን አምጣ፤ ይጠቅመናል። ግን መጀመሪያ በትንሽ ማሳ ሞክረህ አሳይ፤ ገበሬ ያየውን ያምናል፤ የሚሳሳትበትም ትርፍ ዓመት የለውም።

መጥተህ ካልሆነልህ ወደ ከተማ ተመለስ፤ ማንም አይነቅፍህም። መሬቱን ግን ጠፍ አታድርገው፤ ለሚያርሰው ጎረቤት በእኩል ስጠው፤ የዘሩን፣ የፈሰሱንና የድንበሩን ውል አስረክበው። ከመጣህና ከቆየህ ደግሞ ልጅህ ሊያይ በሚችልበት ቦታ ተው። ዘር ስትለይ ይይህ፤ ሜዳ ሲዘጋ ስብሰባው ላይ ይቀመጥ፤ ድንበር ላይ በሬ ስትመልስ ከኋላህ ይሁን። መተው በቃል ብቻ አይወረስም።

ዘርህ ጎታ አይጣ፣ በሬህ ቀንበር አይስበር፤ ውርጭና በረዶ ማሳህን ይለፉ፤ ከላይህም ከታችህም ያለው ጎረቤት ወዳጅህ ይሁን፤ ሸምግለህ ለልጅህ የምትተወው መሬት ከተቀበልከው የተሻለ ይሁን። አሜን በል፣ ልጄ።